ከህዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው ኃይል እና የሃይድሮጂን ስሌት

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሦስት ሳምንት ጥቂት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በጎዴ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ የዩሪያ ፋብሪካ ግንባታ ተጀመረ። ሁለቱ ዜናዎች ተከታትለው በመምጣታቸው በሕዝብ መካከል አንድ ውይይት ተቀስቅሷል፦ አሁን በቂ ኃይል ካለን በታዳሽ ኤሌክትሪክ ከውሃ የሚወጣውን አረንጓዴ ሃይድሮጂን ለምን አናመርትም? ማዳበሪያውንስ ከጋዝ ይልቅ ከውሃና ከአየር ለምን አንሠራም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ በአንድ ስም ሦስት የማይገናኙ ነገሮች መነሳታቸው ነው። አንዱ ወገን በሃይድሮጂን ስለሚሄድ መኪና ያወራል፣ ሌላው ወደ አውሮፓ ስለሚላክ ነዳጅ፣ ሦስተኛው ስለ ማዳበሪያ። የሦስቱ ስሌት ለየቅል ነው። ስሌቱን ለመሥራት ደግሞ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተሻለ ቦታ የለም። ከህዳሴ ግድብ የሚነሳው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል አልፎ ሆለታ ማከፋፈያ ጣቢያ ይደርሳል። በዚያው ዙሪያ የአበባ እርሻዎች አሉ፤ በገላን፣ በዱከምና በሰበታ በኩል ብረታ ብረት ፋብሪካዎች፤ በሙገርና በደርባ ሲሚንቶ። ሃይድሮጂን ይጠቅማቸዋል ከሚባሉት ዘርፎች አብዛኞቹ ከከተማዋ የአንድና የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀት ውስጥ ናቸው።

ሃይድሮጂን የኃይል ምንጭ ነው ወይስ ተሸካሚ?

ሃይድሮጂን በተፈጥሮ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው፤ በውሃ ውስጥ ከኦክስጂን ጋር፣ በተፈጥሮ ጋዝ ውስጥ ከካርቦን ጋር። እነዚህን ማላቀቅ ኃይል ይጠይቃል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን የሚይዘው ኃይል 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ያንን አንድ ኪሎ ከውሃ ለማውጣት ግን ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ስለዚህ ሃይድሮጂን ኃይል አይፈጥርም፤ ሌላ ቦታ የተመረተውን ተሸክሞ ያደርሳል፣ ለመሸከሚያም ይወስዳል።

«በውሃ የሚሄድ መኪና» የሚለው ወሬ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ማለት አንዴ ነዶ ያለቀ ሃይድሮጂን ነው፣ ልክ እንደ ምድጃ አመድ። አመዱን መልሶ ማገዶ ለማድረግ ከነደደው የበለጠ ኃይል ማፍሰስ ያስፈልጋል።

55 ኪሎ ዋት ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ በቤት ዕቃ መገመት ይቻላል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ያለማቋረጥ ለ15 ሰዓት ከግማሽ በላይ ቢሠራ የሚወስደው ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን በተመረተ ቁጥር ይህን ያህል ምጣድ ሳይሞቅ ይቀራል ማለት ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ ባላገኘበት ሁኔታ ይህ ንጽጽር ከመጀመሪያው መነሳት አለበት።

ከቀለሙ ይልቅ ቁጥሩ

ሃይድሮጂን ቀለም የለውም፤ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሚባለው በአመራረቱ ነው። ግራጫው ከተፈጥሮ ጋዝ በእንፋሎት የሚሠራው ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከድንጋይ ከሰል ሲሠራ ልቀቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሰማያዊው ከጋዝ ተሠርቶ የሚወጣው ካርቦን ተይዞ ከመሬት በታች የሚቀበርበት ነው። አረንጓዴው በታዳሽ ኤሌክትሪክ ውሃ በመሰንጠቅ ይገኛል።

ባለሙያዎች አሁን ከቀለም ስም ይልቅ «ዝቅተኛ ካርቦን ሃይድሮጂን» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ወሳኙ በኪሎ ስንት ኪሎ ካርቦን ተለቀቀ የሚለው ነውና። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ጣሪያው 3.4 ኪሎ ገደማ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሃይድሮጂን ይመረታል፤ ዝቅተኛ ካርቦን የሚባለው ከዚያ ውስጥ ከ1 በመቶ በታች ነው። የቀረው ከጋዝና ከከሰል የሚወጣ ሆኖ በአብዛኛው ነዳጅ ለማጣራት፣ አሞኒያ (የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ) እና ሜታኖል ለመሥራት ይውላል።

በሰማያዊው ላይ ያለው ክርክር ከባድ ነው። ሮበርት ሃዋርዝ እና ማርክ ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ከጉድጓድና ከቧንቧ የሚያመልጠው ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) ሲታሰብ ሰማያዊው ሃይድሮጂን ጋዙን በቀጥታ ከማቃጠል ሊብስ እንደሚችል አሳይተዋል። ተቃዋሚዎቻቸው የተወሰደው የሚቴን ማምለጫ መጠን ከፍተኛ፣ የተያዘው ካርቦን መጠን ደግሞ ዝቅተኛ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ነጥብ አለ፦ ውጤቱን የሚወስነው የቧንቧው ጥብቀት እና ካርቦኑን የሚይዘው መሣሪያ በእርግጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

ለኢትዮጵያ አመቺ የሆነ አንድ የደንብ አንቀጽ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮጂንን «ታዳሽ» ብሎ ለመቀበል አምራቹ ኤሌክትሪኩን እንደ ፀሐይና ነፋስ ካለ አዲስ የታዳሽ ኃይል ጣቢያ እንዲያገኝ ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ መረቡ ከ90 በመቶ በላይ ታዳሽ በሆነበት አካባቢ ግን ይህ ግዴታ ይነሳል። የእኛ መረብ በአብዛኛው የውሃ፣ በተጨማሪም የነፋስ ኃይል በመሆኑ በመርህ ደረጃ ይህን መስፈርት ያሟላል። ብዙ አገሮች ይህን ዕድል አያገኙም። ሆኖም ደንቡን ማሟላት ማለት ዋጋው ያዋጣል ማለት አይደለም።

የአንድ ሜጋ ዋት ፋብሪካ በቅርበት

ውሃን በኤሌክትሪክ የሚሰነጥቀው መሣሪያ ኤሌክትሮላይዘር ይባላል። ለረጅም ጊዜ የተፈተነው ዓይነት አልካላይን ነው፦ ከ25 እስከ 30 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ውሃ፣ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ሙቀት፣ ከኒኬል የተሠሩ ኤሌክትሮዶች፣ በመካከላቸውም ሁለቱን ጋዞች የሚለይ ስስ ሽፋን። እያንዳንዱ ሕዋስ ከ1.8 እስከ 2 ቮልት ብቻ ስለሚፈልግ በርካታ ሕዋሳት እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ይታሰራሉ። ከመረቡ የሚመጣው ተለዋዋጭ ጅረት በትራንስፎርመር ዝቅ ብሎ በሬክቲፋየር ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይቀየራል።

አንድ ሜጋ ዋት የሚስብ እንዲህ ያለ ፋብሪካ በሰዓት ወደ 18 ኪሎ ሃይድሮጂን፣ ከእሱም ጋር ስምንት እጥፍ ማለትም 145 ኪሎ ያህል ኦክስጂን ያወጣል። የሚሰነጠቀው ንጹሕ ውሃ በሰዓት 164 ሊትር ነው። በማጣሪያው የሚጣለው ሲጨመር በቀን ወደ 6 ሜትር ኩብ ጥሬ ውሃ ይሆናል፤ ብዙ የሚባል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማቀዝቀዣው ነው። ከሚገባው ኃይል ከሩብ በላይ የሚሆነው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሙቀት ውሃ በማትነን እናስወግድ ከተባለ በቀን ሌላ 10 ሜትር ኩብ ገደማ ይተናል፤ ከሚሰነጠቀው ይበልጣል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት የከተማ ዳርቻ ይህ ከነዋሪው ጋር መሻማት ነው። ስለዚህ በአየር የሚቀዘቅዝ ራዲያተር መምረጥ ይሻላል። የሆለታና የሱሉልታ ቀዝቃዛ አየር ይረዳል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ግን ራዲያተሩ ሰፋ ተደርጎ መታዘዝ አለበት።

የውሃው ጥራት ሌላ ጉዳይ ነው። የአቃቂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን አለው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም በሽፋኑና በኤሌክትሮዱ ላይ ይጋገራሉ፣ ክሎራይድ ብረቱን ይበላል። በሸክላ ጀበና ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት በሕዋሱ ውስጥ ሲሠራ ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው በተራ ማጣሪያ፣ በማለስለሻ፣ በግፊት ማጣሪያ እና በመጨረሻ አዮን በሚያስወግድ ሙጫ ማለፍ አለበት። ለአልካላይን ዓይነቱ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሴንቲ ሜትር ከ5 ማይክሮ ሲመንስ በታች፣ ሜምብሬን ለሚጠቀመው ዓይነት ደግሞ ከ1 በታች መውረድ ይኖርበታል። ሙጫው ሲያልቅ የሚያስጠነቅቀው መለኪያ ካልተስተካከለ ጉዳቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ፋብሪካው ለአንድ ኪሎ ከወትሮው በላይ ኤሌክትሪክ ሲፈጅ ነው።

ጋዙን ማጓጓዝ ከባድ ነው። የተለመደው 50 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ተሞልቶ የሚይዘው 0.7 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጂን ነው፤ ሲሊንደሩ ራሱ ግን ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል። መቶ ሲሊንደር የጫነ አይሱዙ ስድስት ቶን ብረት ተሸክሞ 70 ኪሎ ጋዝ ያደርሳል። ሃይድሮጂን በተመረተበት ግቢ ውስጥ ወደ ሌላ ነገር ቢለወጥ ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ደኅንነቱን በተመለከተ፣ ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይነዳል፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ከአየር በጣም ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። በዳርቻው የተለመደው የቆርቆሮ መጋዘን፣ ጫፉ የተዘጋ ከሆነ፣ ለዚህ ሥራ አደገኛ ነው፤ ያመለጠው ጋዝ ከጣሪያው ማዕዘን ሥር ይጠራቀማልና። የጣሪያው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ክፍት፣ የጋዝ ጠቋሚውም እዚያው ላይ መሆን አለበት።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው

በአዲስ አበባ ዳርቻ ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለናል። ከባድ መስመር በላይ አልፎ ከሥሩ ያለው ፋብሪካ መብራት ሊጠፋበት ይችላል፤ ደካማው ክፍል 15 እና 33 ኪሎ ቮልት የሚባሉት የማከፋፈያ መስመሮች ናቸውና። ለወፍጮ ቤት ወይም ለልብስ ስፌት የአሥር ደቂቃ መቋረጥ የሥራ ጊዜ ማጣት ነው። ለኤሌክትሮላይዘር ግን የአካል ጉዳት ነው።

ጅረቱ በድንገት ሲቆም በሕዋሳቱ ውስጥ የቀሩት ሃይድሮጂንና ኦክስጂን መሣሪያውን እንደ ባትሪ ያደርጉታል፤ ጅረቱ ወደ ኋላ ይፈሳል። ይህ የኋላ ጅረት የኤሌክትሮዱን ልባጥ ይሸረሽራል። አንድ ጊዜ አይታወቅም፤ በዓመት መቶ ጊዜ ከሆነ ግን አሥር ዓመት ያገለግላል የተባለው ልባጥ በጥቂት ዓመት ያልቃል። በሁለቱ ጋዞች በኩል ያለው ግፊት ሲዛባ ደግሞ ጋዞቹ በሽፋኑ በኩል ይቀላቀላሉ። በኦክስጂኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን 2 በመቶ ሲደርስ ፋብሪካው በራሱ እንዲቆም የሚደረገው 4 በመቶ ላይ ስለሚፈነዳ ነው።

ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ዝቅ ሲልም ችግር አለ። በሽፋኑ አልፎ የሚሄደው የጋዝ መጠን ብዙም አይቀንስም፤ የሚመረተው ግን ይቀንሳል፤ በዚህ የተነሳ የቅልቅሉ መጠን ይጨምራል። ስለዚህ አልካላይን ኤሌክትሮላይዘር ከአቅሙ ከ20 ወይም ከ30 በመቶ በታች ወርዶ መሥራት አይችልም።

መፍትሔዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ መግባት አለባቸው። መስመሩ ከማከፋፈያ ጣቢያው በቀጥታ የሚወጣ የራሱ መጋቢ ይሁን፤ ከተቻለ 132 ኪሎ ቮልት። መቆጣጠሪያውንና ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅስ ባትሪ፣ ጋዙን ገፍቶ የሚያስወጣ የናይትሮጂን ክምችት፣ እንዲሁም ሕዋሳቱን የኋላ ጅረት እንዳይነካቸው የሚጠብቅ ትንሽ ቀጥተኛ ጅረት ያስፈልጋል። ከበስተጀርባው አሞኒያ የሚሠራ ክፍል ካለ ደግሞ የብዙ ሰዓት ሃይድሮጂን የሚይዝ ታንክ ግዴታ ነው፤ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ የሚግለውን የአሞኒያ ማቀናበሪያ በየቀኑ ማቀዝቀዝና ማጋል ብረቱንም ውስጡ ያለውንም ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥነውን ነገር) ያበላሻል።

ከፍታውም መጻፍ አለበት። የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስስ አየር ሙቀት አይወስድም፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታንም አጥብቆ አይከላከልም። ሬክቲፋየሩና መቀየሪያው ለዚህ ከፍታ ካልታዘዙ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አቅም አይሰጡም። ከአየር ናይትሮጂን የሚለየው ኮምፕሬሰርም ለተመሳሳይ ምርት ከሩብ በላይ ተጨማሪ አየር መሳብ ይኖርበታል።

«ትርፍ ኃይል» ስንል

5,150 ሜጋ ዋት የህዳሴ ግድብ ከፍተኛ አቅም ነው። በዓመት ይጠበቃል የተባለው ምርት 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን ለዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል አማካዩ 1,800 ሜጋ ዋት ያህል ይሆናል። በሕዝብ ውይይት ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ስለሚነገር ትርፉ ከእውነታው ሦስት እጥፍ ገዝፎ ይታያል።

ሌላም ልዩነት አለ። የፀሐይ ኃይል በሰዓቱ ካልተጠቀሙበት ይጠፋል። በትልቅ ግድብ ያለ ውሃ ግን ዛሬ ካልተጠቀሙበት ለነገ ይቀመጣል፤ የሚባክነው ግድቡ ሞልቶ በማስተንፈሻ ሲፈስ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሌሊት ማንም የማይጠቀምበት ኃይል» ነጻ አይደለም። የሚታሰበው ሌላ ገዢ በሚከፍልበት ዋጋ ነው።

ያ ዋጋ የታወቀ ነው። ኬንያ ከኢትዮጵያ የምትገዛው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ለማምረት የሚውለው 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ከወላይታ ሶዶ በሚነሳው መስመር ቢላክ 3.6 ዶላር ገደማ ያስገኝ ነበር። ጋዝ ርካሽ በሆነባቸው አገሮች ግራጫው ሃይድሮጂን ተመርቶ የሚያልቀው በኪሎ ከ1 እስከ 2 ዶላር ነው። ኤሌክትሪኩ በ3 ሳንቲም ቢሰጥ እንኳ የኤሌክትሪኩ ብቻ 1.65 ዶላር ይሆናል፤ የመሣሪያው ገና አልተቆጠረም።

«በክረምት ብቻ፣ ግድቡ ሲፈስ እናምርት» የሚለው ሐሳብ ይህን ለማለፍ ይቀርባል። ለምሳሌ መሣሪያው ተተክሎ በኪሎ ዋት 1,500 ዶላር ይፈጃል፣ የካፒታሉ ወጪም በዓመት 10 በመቶ ነው እንበል። በዓመት 8,000 ሰዓት ከሠራ በኪሎ ወደ 1 ዶላር ይደርሳል። አራት ወር ብቻ ከሠራ ወደ 2.8 ዶላር ይወጣል። በኤሌክትሪኩ የዳነው በመሣሪያው ይከፈላል።

ከአስዋን እስከ ኩስኮ

በውሃ ኃይል ሃይድሮጂን ማምረት አዲስ ነገር አይደለም። ኖርዌይ በሩካን ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፏፏቴ ኃይል ውሃ እየሰነጠቀች ማዳበሪያ ትሠራ ነበር። ግብፅ በአስዋን የገነባችው የኪማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 በአባይ ኃይል በዚሁ መንገድ ማምረት ጀመረ። ዚምባብዌ በክዌክዌ ከተማ በካሪባ ግድብ ኃይል አሞኒያ ታመርት ነበር። ሦስቱም ይህን መንገድ ትተውታል። ኖርዌይና ግብፅ ወደ ጋዝና ነዳጅ ዞሩ፤ የዚምባብዌው ኤሌክትሮላይዘር አገሪቱ ኃይል ሲያጥራት እ.ኤ.አ. በ2015 ቆመ፣ ፋብሪካው አሞኒያ ከውጭ መግዛት ቀጠለ። ቴክኖሎጂው አልከሸፈም። ኤሌክትሪኩ የተሻለ ገዢ አገኘ፣ ወይም ጋዙ ረከሰ።

አራተኛው ምሳሌ ለእኛ የቀረበ ነው። በፔሩ ኩስኮ አጠገብ፣ ካቺማዮ በሚባል ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር ላይ ያለ ፋብሪካ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ በውሃ ኃይል አሞኒየም ናይትሬት ለአሥርት ዓመታት ሲያመርት ኖሯል። የቆየበት ምክንያት ቦታው ነው፦ በአንዲስ ተራራ ላይ ዕቃ ማድረስ ውድ ነው፣ ምርቱም የሚሸጠው እዚያው አካባቢ ለማዕድን ሥራ ነው። ከፍታው ሥራውን እንደማይከለክል፣ ጠቃሚው ነገርም የቅርብ ገዢ እንደሆነ ያስረዳል።

ዩሪያ ካርቦን ይፈልጋል

ማዳበሪያን ከውሃና ከአየር እንሥራ ሲባል አንድ ነገር ይዘለላል። ከሃይድሮጂንና ከናይትሮጂን የሚገኘው አሞኒያ ነው፤ ለአንድ ቶን አሞኒያ 178 ኪሎ ያህል ሃይድሮጂን፣ በድምሩም ወደ 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ገበሬያችን የሚያውቀው ዩሪያ ግን ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚሠራው። ለአንድ ቶን ዩሪያ 0.57 ቶን አሞኒያ እና 0.73 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል። በጋዝ የሚሠራ ፋብሪካ ካርቦኑን ከራሱ ሂደት ያገኛል። ውሃ የሚሰነጥቅ ፋብሪካ ግን የለውም፤ ከሙገር ወይም ከደርባ የሲሚንቶ ጭስ ማውጫ ልያዝ ቢል ሌላ ትልቅ ፋብሪካ መገንባት አለበት።

መጠኑም ከባድ ነው። አንድ ሚሊዮን ቶን ዩሪያ በኤሌክትሪክ ለመሥራት በዓመት 5,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከህዳሴ ግድብ ዓመታዊ ምርት ከሲሶ በላይ። አገሪቱ በቅርብ ዓመታት የምታስገባው ማዳበሪያ ደግሞ በሁሉም ዓይነት ተደምሮ ወደ 2 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ነው። በዳንጎቴ ግሩፕና በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት የሚገነባው የጎዴ ፋብሪካ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ለማምረት የታቀደ ነው። ይህ ፋብሪካ ከተጠናቀቀ በዩሪያ ገበያ ላይ አረንጓዴው የሚወዳደርበት ዋጋ የለም። የካርቦኑ ነገር ግን እንዳለ ይቀራል፤ በዩሪያው ውስጥ የታሰረው ካርቦን ማሳ ላይ ሲበተን ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል።

የማይመጥንባቸው ቦታዎች

የዳርቻው ብረት ፋብሪካዎች በብዛት ውዳቂ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ያቀልጣሉ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ቢሌት የሚባል ጥሬ የብረት ዘንግ ይደፈጥጣሉ፤ ለእነሱ ሃይድሮጂን ምንም አይጨምርም። የሚያስፈልገው ከብረት ማዕድን ኦክስጂኑን ለማስወገድ ነው። ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን ግማሽ የሚበልጠው ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ስለሆነ ነዳጁን በሃይድሮጂን መተካት አይነካውም። ከሰበታ ጀምሮ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ለመኪና ደግሞ ከ100 ኪሎ ዋት ሰዓት በባትሪ 70 እና 80 ያህሉ ጎማ ላይ ይደርሳል፤ በሃይድሮጂን መንገድ ከ25 እስከ 35 ብቻ። የነዳጅ መኪና ማስገባትን ለከለከለች አገር ምርጫው ግልጽ ነው።

ታዲያ የት ይጀመር?

አንዱ የባለሙያዎች ወገን ይቆይ ይላል። ፎርቴስኩ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2030 በዓመት 15 ሚሊዮን ቶን አረንጓዴ ሃይድሮጂን አመርታለሁ ያለውን ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደተወው፣ በቀጣዩ ዓመትም በአሪዞናና በግላድስቶን የጀመራቸውን ፕሮጀክቶች እንዳቆመ ያስታውሳሉ። በእነሱ አመለካከት ወደ ውጭ ለመላክ መሽቀዳደም የራስን ማከፋፈያ መስመር ሳያጠናክሩ ለሌላው ገበያ መድከም ነው። በዚህ እንስማማለን። ሌላው ወገን እ.ኤ.አ. በ2022 የዩሪያ ዋጋ በቶን ከ900 ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ያጣ አገር ምን እንደሚሆን ታይቷል፤ ሙያውን ካሁኑ መማር ይገባል ይላል። ይህም እውነት ነው፤ ምክንያቱም በግፊት፣ በጋዝና በአሞኒያ የሠለጠነ ቴክኒሺያን በአንድ ዓመት አይገኝም።

ሁለቱን የሚያስታርቅ መጠን አለ። በናይቫሻ፣ ኬንያ፣ በአንድ እርሻ ውስጥ በፀሐይ ኃይል በቀን አንድ ቶን አሞኒያ የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ተተክሏል። በሆለታ ወይም በገላን በኩል አንድ ሜጋ ዋት ለኤሌክትሮላይዘሩ ቢመደብ በቀን 2.4 ቶን አሞኒያ ይወጣል፤ በዓመት 8,000 ሰዓት ከሠራ፣ በናይትሮጂኑ ሲሰላ ከ14,000 ኩንታል በላይ ከሆነ ዩሪያ ጋር እኩል ነው። አሞኒያ በጋዝነቱ ማሳ ላይ አይበተንም፤ መርዛማ ነው፣ በትራክተር የሚወጋ ልዩ መሣሪያም ይፈልጋል። ወደ ናይትሬት መቀየር የናይትሪክ አሲድ ክፍል ይጠይቃል፤ ምርቱም ፈንጂ ስለሚሆን የአከማቸቱ ቁጥጥር ከባድ ነው። ቀላሉ መንገድ በሰልፈሪክ አሲድ አሞኒየም ሰልፌት መሥራት ነው፤ አሲዱ በአዋሽ መልካሳ ይመረታል። ለአንድ ቶን 0.26 ቶን አሞኒያና 0.74 ቶን አሲድ ይገባል።

እዚህ ላይ አፈሩን ማየት ያስፈልጋል። አሞኒየም ሰልፌት አፈርን ያኮመጥጣል። የሆለታና የወልመራ ቀይ አፈር አስቀድሞ ኮምጣጣ ስለሆነ ኖራ እየተበተነበት ነው፤ እዚያ ማሳ ላይ ይህን መጨመር ጉዳት ነው። በአቃቂ፣ በዱከምና በአድአ በኩል ላለው ጥቁር አፈር ግን ድኝም ናይትሮጂንም ስለሚሰጥ የተሻለ ይስማማል። የአበባ እርሻዎቹ ደግሞ ማዳበሪያን በውሃ አሟሙተው በጠብታ ስለሚሰጡ አሲዳማነቱን በየቀኑ እየለኩ ማስተካከል ይችላሉ፤ የሚገዙትም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ሟሚ ማዳበሪያ ነው። የካቺማዮን ዓይነት የቅርብ ገዢ ማለት እነዚህ ናቸው።

በተረፈ የሚወጣው ኦክስጂን ለብየዳ ወዲያው ይሸጣል። ለሆስፒታል ከሆነ ግን ያመለጠው ሃይድሮጂን በካታሊስት መወገድ፣ እርጥበቱም መድረቅ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደርም መመርመር አለበት። ይህን ክፍል ለመቆጠብ ብሎ መተው ሕይወት ያስከፍላል።

እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለማዘዝ ጨረታ ቢወጣ ሻጩ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች በውሉ ውስጥ በቁጥር መቀመጥ አለባቸው፦ በ2,400 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው እውነተኛ አቅም ስንት ነው? በዓመት ስንት ድንገተኛ መቋረጥ ይችላል፣ ከዚያ በላይ ቢሆንስ የኤሌክትሮዱን ዋስትና ማን ይሸከማል? ከ40,000 የሥራ ሰዓት በኋላ ለአንድ ኪሎ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል? የጉድጓዱ ውሃ የላቦራቶሪ ውጤት ተያይዞ ማጣሪያው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ተነድፏል? የጋዝ መለኪያዎቹን በየስንት ወሩ የሚያስተካክለው ባለሙያ የት ነው ያለው፣ ማስተካከያ ጋዙስ ከየት ይመጣል? ከመረቡ በኩል ደግሞ አንድ መረጃ ያስፈልጋል፤ ፋብሪካው የሚቀጠልበት መጋቢ መስመር ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ስንት ጊዜ፣ እያንዳንዱም ለስንት ደቂቃ እንደተቋረጠ የሚያሳየው የማከፋፈያ ጣቢያው መዝገብ።